የብረት ክራንች

ሲግናል ሰፈር ያለው ብረታ ብረት ሻጭ ሁለት ቱቦ አንኳኳልኝ። አሉሚኒየሙ አንሾካሾከ፤ ብረቱ ግን ሰፈሩን አናወጠና ወደ ሰባት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ እንጦጦ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰብሮ ነበር። አባዬ ጓሯችን ውስጥ ከብረት ቱቦ ክራንች በይዶ ሰጠኝ። ክብደቱ የባቡር ሐዲድ!

«ኧረ ልጁ ነው ክራንቹን የደገፈው! ምናለ በአሉሚኒየም ብትሠራው?» አለች እማዬ።

«አሉሚኒየም ይታጠፋል። ዳግመኛ ሲወድቅ ማየት አልችልም» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ የብየዳው ብርሃን ያመመው መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን ሥራ ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ለአባቴ ተደግፎ የሚሄድበት መራመጃ ልሠራለት ነው። ጉልበቱ ከድቶታል።»

«ታዲያ ለሽማግሌ ቀላሉን ይውሰዱ እንጂ!»

እውነቱን ነው። አሉሚኒየሙን አንስቼ መዘንኩት፤ ላባ ነው። መልሼ አስቀመጥኩትና ብረቱን አስቆረጥኩ።