ለድመት የተከልኩት ምሰሶ

ከራጉኤል ወረድ ብላ በነበረችው ሱቄ ጆንያና ገመድ እሸጥ ነበር። ጆንያ ሲያዩት ቀላል ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን እህል የነበረበት ጆንያ ቢታጠብም ሽታው አይለቀውም፤ አይጥም ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። አንዴ የተበሳ ጆንያ ደግሞ ጤፍ አይዝም፤ ጤፍ የማይዝ ጆንያ የሚገዛ ሰው መርካቶ ውስጥ የለም። ስለዚህ በእኔ ሱቅ ድመት ዘበኛ እንጂ ጌጥ አልነበረችም።

ግራጫ ነበረች፤ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። አይጥ በመያዝ አትታማም። ጥፋቷ ሌላ ነበር፤ ጥፍሯን የምትስለው ጆንያዎቼ ላይ ነው። አይጥ ያልበሳውን እሷ ትተለትለዋለች። ባለቤቴ ሌላ ድመት እንፈልግ አለች። እኔ ግን ጥፍር ያለው ሁሉ መሳያ እንደሚፈልግ ነገርኳት። ሠራተኛን ከማባረር በፊት መሣሪያ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልጆቼንም ይህንኑ እየነገርኩ ነው ያሳደግኋቸው።

አናጢነት ማንም አላስተማረኝም። ንባብም እንደዚያው ነው፤ ፊደል የለየሁት ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ ያገኘሁትን ደንበኛ ሁሉ እየጠየቅሁ ነው። ምሰሶውንም እያበላሸሁ ሠራሁት። ከአጥር የተረፈ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበረኝ። እንዳይወድቅ ከምን አለሽ ተራ አንድ የዛገ የመኪና ቸርኬ አመጣሁና ግንዱን መሐሉ ላይ አቁሜ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቅሁበት። ከዚያ ለሽያጭ የማይሆን የቃጫ ገመድ ቁርጥራጭ እየቀጠልኩ ጠመጠምኩበት፤ እያንዳንዱን ዙር በመዶሻ እየመታሁ አጠጋጋሁት። የገመዱን ጫፍ በምስማር አልመታሁትም፤ እግሯን እንዳይወጋት ከዙሮቹ ሥር መልሼ ቀበርኩት። ላዩ ላይ፣ አይጦቹ በሚሄዱበት የጣሪያ ወራጅ ትይዩ፣ የሳሙና ሣጥን አስቀመጥኩ፤ የተጣመሙ ምስማሮች አቃንቼ መታሁበት፤ ውስጡን አሮጌ ጆንያ አነጠፍኩበት።

መጀመሪያ ዞር ብላም አላየችው። በኋላ እሷው የተለተለችውን ጆንያ አምጥቼ ገመዱ ላይ ባስርላት አሸተተችው፤ ጥፍሯንም ሰካች። ከዚያ ወዲያ ጆንያ አልነካችም።

ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ። አብልጦ የሳቀው በጣውላ ግድግዳ የምንዋሰነው ምስር ነጋዴ ነው። እሱ ጎረቤት ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሣች ነች። አበልጅ ማለት እኔ ባደግሁበት አገር ከወንድም አያንስም፤ ወንድምን እናት ትሰጥሃለች፣ አበልጅን ግን አንተ ራስህ መርጠህ በታቦት ፊት ትቀበለዋለህ።

"አበልጄ፣ ለድመት ዙፋን አቆምክ አሉ" አለኝ ሰው በተሰበሰበበት።

ዙፋን የሚባለው ነገር በዚያ በጃንሆይ ዘመን ለቀልድ አይነሣም። ግራ ቀኜን አየሁና ወንበር በለው አልኩት።

"እሺ፣ እመቤት ድመት ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ" ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀው።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ብቻውን መጣ። ምሰሶውን ዞረው፣ ገመዱን በጣቱ ሳበው፣ ጫፉ የት እንደገባ ጠየቀኝ። አሳየሁት። እኔ ያወቅሁትን የምደብቅ ሰው አይደለሁም፤ ዕውቀት እንደ ጉድጓድ ውኃ ሲቀዱት ነው የሚጠራው። አንድ ቀን ድመት ካገኘሁ እሠራለሁ ብሎ የእንጨት መጋዜን ተዋሰ። ድመቷ እርጉዝ ነበረችና ከምትወልዳቸው የመጀመሪያዋ ያንተ ናት አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

ብዙም ሳይቆይ ድመቷ ጠፋች። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ሣጥኑ ባዶ ነበር። አበልጄ የራሱን ሱቅ ዘግቶ አብሮኝ ወጣ። ተራውን ሁሉ ዞርን፤ የራጉኤል ቅጥር ድረስ ሄደን ከአጥሩ ሥር ጎንበስ እያለ ከእኔ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራት። ማታ ቤቴ መጥቶ እንደ ለቅሶ ደራሽ ተቀመጠ። ልጄ ስታለቅስ ድመት ውለታ እንደማታውቅ፣ የምትወደው ቤቱን እንጂ ሰውን እንዳልሆነ፣ ሰው ግን እንዲህ እንዳይደለ ነገርኳት። ለምሳሌም አጠገቤ የተቀመጠውን የክርስትና እናቷን ባል ጠቀስኩላት። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

አይጦቹ ተመለሱ። በዚያ ክረምት አይጥ የበሳብኝን ጆንያ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ምስር በሚገባበት ወር አበልጄ ጆንያ አዘዘኝ። ሱቅ አድርሰው፣ ወደ መጋዘን እኔ አስወስደዋለሁ አለኝ። ባደርሰው ሱቁ ተዘግቷል። ጆንያ ደጅ ጥሎ መሄድ ለእኔ ነውር ነው፤ ኩሊውን አስከትዬ ከሶማሌ ተራ ጀርባ ወዳለው መጋዘኑ ሄድኩ። የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት።

የእኔኑ የመሰለ ምሰሶ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ቸርኬው፣ ቃጫው፣ የሳሙና ሣጥኑ። የገመዱ ጫፍም እንዳስተማርኩት ከዙሮቹ ሥር ተቀብሯል። ከሣጥኑ ውስጥ የተቀደደው ጆሮ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ልጆቿ ከሥሯ ይጠባሉ።

"አበልጄ፣ እስካሁን ሳላመሰግንዎ" አለችኝ ሴትየዋ። "በሰጡን ድመት መጋዘኑ ሰላም አገኘ። እንዲህ ያለ ዘበኛ ለሰው ይሰጣል? እግዜር ይስጥልን።"

እኔ ስለ ውሸት ልጆቼን የገረፍኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር የማዋርዳት እሷን ነበር፤ እሷ ደግሞ ልጄን በክንዷ ይዛ የቆመች ነች። አፌ የለመደውን መለሰ።

"አብሮ ይስጠን" አልኩ።

ሰውየው ደረሰ። ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ስትወጣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ጠየቅሁት።

"ድመት ናት እኮ፣ አበልጄ። ላም አልነዳሁብህም።"

"ልጇን ሰጥቼህ ነበር።"

"ልጇ እስክታድግ አይጥ ምስሬን ይጨርሰው?"

"በራጉኤል አጥር ሥር ጎንበስ ብለህ ስትጠራት የነበረውስ?"

ወደ ምስሩ ዞሮ እፍኝ አነሣና በጣቶቹ መካከል መልሶ አፈሰሰው። እኔን ያመመኝ ድመቷ አይደለችም፤ ያ ጥሪው ነው። ሌብነት እጅን ያቆሽሻል፤ አብሮ መፈለግ ግን ልብን ነው የሚያቆሽሸው።

ድመቷን አልወሰድኳትም። የምታጠባ እናት ከልጆቿ አትለይም፤ ይህን ለራሴ ስል አላፈርስም። ሻይውንም ጠጥቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለልጄ ድመቷ እንዳለች፣ የት እንዳለች፣ ማን እንደወሰዳት ነገርኳት። የክርስትና እናቷ ምንም እንደማታውቅም አስረዳኋት።

"አባባ፣ ታዲያ ውለታ ቢስ ያሏት ለምን ነበር?"

ለሁሉ ነገር ተግሣጽ የማላጣው ሰው ያን ቀን ተነሥቼ በሩን ልዘጋ ሄድኩ።

በኋላ የክርስትና እናቷ አንዷን ግልገል በዘንቢል ይዛ መጣች፤ የክርስትና ልጄ ትጫወትባት ብላ። ሱቅ ወስጄ ለቀቅኋት። ማንም ሳያሳያት ቀጥ ብላ ምሰሶዬ ላይ ወጣች። ያደገችበት ነገር ነውና አልገረመኝም።

ከሰውየው ጋር በጣውላው ግድግዳ ማዶና ማዶ ብዙ ዓመት ኖርን። ጠዋት እንዴት አደርክ ይለኛል፤ እግዜር ይመስገን እለዋለሁ። አበልጄ ብሎ መጥራቱን አልተወም፤ እኔ ግን ጋሼ ማለት ጀመርኩ። የተዋሰውን መጋዝ አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ማዶ እንጨት ሲቆርጥበት እሰማ ነበር፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።