ለመንገደኛ የተለሰነ ቤት

በሰፈራችን ስድቡን እንደ ማዕረግ የሚቀበል ሰው ቢኖር ጋሽ ገጽታ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የመዝገብ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፋይል ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ሲያስውብ ኖረ፤ ውስጡ ያለው ወረቀት ይቀደድ ይጉደል ግን አንድ ቀን ከፍቶ አላየም። ሲጠይቁት መልሱ ያው ነበር፤ «ወንድሜ፣ ገጽታ ነው! ሰው መጀመሪያ የሚያየው ምኑን ነው?» ጡረታ ሲወጣ ይህንኑ ፍልስፍና ጠቅልሎ ቤቱ ይዞት ገባ። ቤቱንም አልማረውም።

ቤቱ የአባቱ ነው። አባትየው ዕድሜውን የጨረሰው ጡብ ፋብሪካ፣ ምድጃ አጠገብ ነው። ጠርዙ ተሸረፈ ተብሎ የሚጣለውን ጡብ እያስፈቀደ ይሰበስባል፤ ከሥራ ሲመለስ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣል፤ በኖራ እያያያዘ አራት ክፍል አቆመ። ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ማንንም የማያስደንቅ ማንንም የማያሳፍር ቤት ነበር። ሁለቱ ክፍሎች መንገዱን ያያሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ናቸው፣ መታጠቢያው ባለበት በኩል።

ከኋላ የሚኖሩት ታላቅ እህቱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ወንድማቸውን ያስተማሩት በዚያች የስፌት መኪና ነው፤ ሥራ የተቀጠረ ቀን የለበሰውን ኮት የሰፉትም እሳቸው ናቸው። ደረታቸው ደካማ ነው። እርጥበት ከነካቸው ሳሉ ትከሻቸውን እስኪያርገፈግፈው ይዟቸው ይከርማል። ሐኪሙ የመጨረሻ ጊዜ ሲያያቸው፣ «መድኃኒቱን እሰጥዎታለሁ፤ ግን ደረቅ ቤት ካልተኙ እኔን አይውቀሱኝ» ብሏቸዋል። ይህንን ወንድምየው ያውቃል፤ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው እሱ ነው፣ ቃል በቃል ሰምቷል። አላወቀም እንዳትሉኝ።

ታዲያ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ የድሮ አለቃውን አገኘው። አለቃው ትንሽ አወራና፣ «አንድ ቀን ቤትህ ብቅ እላለሁ» አለው። ይህቺ ሰው ከሰው ለመገላገል የሚላት ቃል ናት፤ ደህና ሁን ማለት ናት። ገጽታ ግን እንደ ቀጠሮ ቆጥሯት ወደ ቤቱ በረረ። ደጁ ላይ ቆሞ የአባቱን ጡብ አንድ በአንድ፣ ስሙን እንዳጠፋበት ሰው ገላመጠው።

በማግስቱ ከአባቱ ጋር ይሠራ የነበረውን ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራ። ሽማግሌው ጣቱን በጡቦቹ መሃል እየሰደደ፣ የሳሳውን ኖራ እያራገፈ ቤቱን ዞረው።

«ፊቱ ደህና ነው» አለ። «በውሃና በብሩሽ እናጥበው። የተፈረፈረውን ፍቀን በኖራ እንሙላው። በሩንና መስኮቱን ቀለም አስቀባ፤ ደጅህ ላይ ሁለት ተክል ትከል፤ ያምርልሃል። ሥራ ያለው ከኋላ ነው። በእህትህ በኩል አሸንዳው ወንፊት ሆኗል።»

«ከኋላ ማን ያየዋል?»

«እህትህ ናታ!»

«እሷማ የቤት ሰው ናት» አለ ገጽታ። «ስማኝማ፣ እኔ የምፈልገው ልስን ነው። በሲሚንቶ፣ ልሙጥ፣ ነጭ። ሁለት ዓምድ በበሩ ግራና ቀኝ። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ከመንገድ እንዳይታይ የፊቱን ግንብ ከጣሪያው በላይ አውጣና ደብቅልኝ።»

«ወደ ፊት የሚወርደው ውሃስ? ግንቡ ሲያግደው የት ልታደርሰው ነው?»

«ወደ ኋላ ይሂዳ! ቦይ አብጅለት።»

ሽማግሌው መዶሻውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። «ልጄ፣ ይሄ አሮጌ ጡብ ነው፤ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ካፈንከው እርጥበቱን ውስጡ ይይዘዋል። የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ደግሞ እሷ ራስጌ ላይ ልትደፋው ነው። አባትህ በትከሻው ባመጣው ጡብ ላይ እኔ ይህን አልሠራም።» ሄደ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ለሁሉ ነገር «እሺ» የሚል ግንበኛ ግን መቼ ይጠፋል? ተገኘ። በሦስት ሳምንት ቤቱ ፊቱን ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ምንም የማይሸከሙ ሁለት ዓምዶች በሩን ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ፤ አንዱን ሳየው ባዶነቱን በጣቴ አንኳኩቼ አረጋግጫለሁ። የዘበኛ ቤት የሚያህል መብራት ተሰቀለ። የፊቱ ግንብ ሽቅብ ወጥቶ ቆርቆሮውን ዋጠው፤ ከጀርባው የተዘረጋው ቦይ ደግሞ የጣሪያውን ውሃ ጠራርጎ ወደ እህትየው ግድግዳ እንዲያመጣ ተደረገ። በጎን በኩል ገብቶ ኋላውን ያየ የለም። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ፣ «ቤትማ እንዲህ ነው!» ይላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል የሰማ ሕዝብ፣ አልጋውን ሲያይ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

እህትየው ጠይቀውት ነበር። «አንተ፣ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ወደ እኔ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እትዬ፣ ለጊዜው ነው። ዝናቡም ገና ነው።»

«ደረቴስ?»

«እትዬ ደግሞ! ሰው ቤቱን ሲያሳምር ደስ አይልሽም?»

ዝናቡ ግን የገጽታን ቀጠሮ አልጠበቀም፤ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት በኋላው ግድግዳ ላይ አንድ ሰሃን የሚያህል ጥቁር ነገር ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ምጣድ አከለ። እህትየው አልጋቸውን ሳቡ፤ ቀጥሎ መኪናቸውን ሳቡ፤ ቀጥሎ የሚስቡበት ቦታ አጡ። የደንበኛ ጨርቅ ሻጋታ እንዳይዘው ገመድ ላይ ሰቅለው፣ ከሥሩ ቁጭ ብለው እየሳሉ ይሰፋሉ። ሳሉ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እኛም ሰምተናል፤ ሰምተን ልስኑን አደነቅን። ይኸው እኛ ነን።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። አለቃው እውነትም መጣ! ሊጠይቀው ግን አይደለም፤ በሰፈራችን ሲያልፍ ጎማው ፈንድቶበት፣ ዝናብ ሲወርድበት፣ ከሁሉ ያማረው በር ጋ ተጠለለ። ገጽታ በደስታ ሊሞት ምንም አልቀረው። ሳሎን አስገባው፣ አስቀመጠው፣ መብራቱን በእኩለ ቀን አበራለት። አለቃው፣ «አየህ አንተ! ቤትህ ባለሥልጣን የሚኖርበት ነው የሚመስለው» አለው። ትንሽ ቆየና፣ «መታጠቢያው በየት ነው?» ሲል ጠየቀ።

መታጠቢያው ከኋላ ነው። የሚታለፈው ደግሞ በእህትየው በር ነው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እህትየው ጫማቸውን አውልቀው፣ የወለሉን ውሃ በጨርቅ እየጠረጉ ባልዲ ውስጥ ይጨምቃሉ። ከግድግዳው ውሃ ይወርዳል። አለቃው ቆም አለ።

«እኚህ ማን ናቸው?»

ገጽታም፣ እህቱ በሰፉለት ኮት ሕይወቱን የቀየረ ሰውዬ፣ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ፣ «ተከራያችን ናቸው» አለ።

እህትየው ቀና ብለው ወንድማቸውን አዩት። ጨርቁን ጨመቁት።

«አዎ ጌታዬ፣ ተከራይ ነኝ» አሉ። «አከራዬ ደግሞ ደግ ናቸው፤ ኪራይ አይጠይቁኝም፤ ውሃውንም ያለ ክፍያ ነው የሚለቁብኝ።» አለቃው መሳቅ አለመሳቁን ሳያውቅ መታጠቢያ ቤት ገባ። ከዚያም ጎማው እንደተቀየረ ዝናቡ ሳያባራ ሄደ።

በነጋታው የስፌት መኪናዋ በጋሪ ወጣች። ሽማግሌው ግንበኛ አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር። በዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ያፈላለገው እሱ ነው፤ ከታች የምድጃው ሙቀት ስላለ ግድግዳዋ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ገጽታ በሁለቱ ዓምዶች መሃል ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ እየቃኘ፣ «እትዬ፣ ኧረ ሰው ያያል፤ ማታ ብትሄጂ ምናለ? ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ?» አላቸው።

«ተከራይዋ ለቀቀች በል» አሉት፤ ጋሪውን ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ የእህትየው ሳል በወር ውስጥ ቀነሰ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጠፋ። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ሸሚዝ፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ የመስኮት መጋረጃ ሲመጣላቸው ከበሩ በስተውስጥ ለባለ ወረፋ አግዳሚ ወንበር እስከማስቀመጥ ደረሱ። የእሱ ቤት ደግሞ፣ የኋላው እርጥበት ሰው ስለሌለ አላቆመም፤ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ሳሎኑን ያዘ። ልስኑም ከበሩ በላይ እንደ ደረቀ ቁስል መነሳት ጀመረ። ሰውዬው ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ቦዩን አስነሳ? ግንቡን አስፈረሰ? የመጋረጃ ጨርቅ ገዛ! ሳሎኑ ውስጥ የወጣውን ጥቁር ከመስኮት ሆኖ የሚያየው እንዳይኖር፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ወፍራም ጨርቅ ሊያሰፋ ተሸክሞ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ወጣ።

ዐይኑ እህቱን ፈለገ። እሳቸው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ጨርቅ ይቆርጡ ነበር። «ወረፋ ያዝ» አሉት፤ ክፋት የለበትም፣ ለሁሉም የሚሉት ነው። አግዳሚው ላይ ከሦስት ሰዎች በኋላ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት፣ የልጇን ሱሪ ይዛ፣ አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን አየች።

«ትመሳሰላላችሁ ልበል?» አለችው። «ዘመድዎ ናቸው እንዴ?»

ሰውዬው ኮቱን አስተካከለ። ደረጃውን አየ፤ የሚመጣ ሰው መኖሩን ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ እሱን ከእህቱ የሚያራርቅ ግድግዳ አልነበረም፤ ልስንም አልነበረም። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው።

«አይ» አለ፤ «ሥራቸው ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ነው።»

መቀሱ ጨርቁ መሃል ቆመ። ከዚያ መስመሩን ተከትሎ እስከ ጫፍ ሄደ። እህትየው ቁራጩን አጥፈው አስቀመጡና፣ «ተረኛው ማነው?» አሉ።