ልጄ አይታለች

የተቃጠለ ፍሬን በሸተተኝ ቁጥር የዓለም ከተማ ቁልቁለት ትዝ ይለኛል። ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ያን ቀን ከጎኑ አስቀምጦኝ ሲወርድ ከፊታችን የቆመ አውቶቡስ ከኋላ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፤ የአውቶቡሱ መብራት ረገፈ፣ የእኛም መኪና ፊቱ ተጨራመተ።

የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አባቴን ጠጋ አሉት።

“በሬ ድንገት ገባብኝ በል፤ እኔም እመሰክርልሃለሁ። ኢንሹራንስም ያምንሃል፣ ከሥራህም አትባረርም።”

ኢንሹራንስ የሰው ስም መስሎኝ፣ ሰውየውን ለምን እንደሚዋሹት ገረመኝ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። “በሬ አልነበረም፣ ጋሼ። ፍሬን የያዝኩት ዘግይቼ ነው። ልጄም አይታለች።”

ለፖሊሱም ይህንኑ ተናገረ። በሳምንቱ ነጋዴው ቁልፉን ተቀበለው፤ እኛም መንዝ፣ አያቴ እርሻ ላይ ገባን። እናቴ “በሬ ነው ብትል ምን ነበረበት?” ስትለው፣ “በልጅቷ ፊት?” ይላት ነበር።

ዛሬ እኔም ልጆቼን ከጎኔ አስቀምጬ እነዳለሁ። አባቴ ግን አንድ ነገር ሳልነግረው አለፈ። ያን ቀን ተኝቼ ነበር፤ የቀሰቀሰኝ ግጭቱ ነው።