የፋቅኳት መስመር

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ንፋስ መውጫ ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነውና ሳልሳሳት የዋልኩበት ቀን የለም። ይህችኛዋ ግን አልለቀቀችኝም። ሻይ ይዤ በተቀመጥኩበት ድንገት ትዝ ትለኝና ፊቴ ይግላል።

ያኔ ባሕር ዳር ሆነን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የሚሆን፣ በአማርኛ የሚሠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እናሰናዳ ነበር። መነሻውን ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ከሚችል ነጻ ኮድ ነው የወሰድነው። የእኔ ድርሻ ከርነሉ ነበር፤ ፕሮግራሞቹን ከዲስኩ፣ ከስክሪኑና ከኪቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት ማለት ነው።

የከርነል ኮድ ቅድመ ሁኔታ ይበዛበታል። ማሽኑ እንዲህ ያለ ከሆነ ይህን መስመር አስገባ፣ ካልሆነ ዝለለው እያለ ይሄዳል። ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ፣ ሁኔታው ያልተሟላለት መስመር ጭራሽ አይገባም። ዘመን ሲቆይ ሁኔታ በሁኔታ ላይ ይደራረብና ማንበቡ ራስ ያዞራል። እኔ ደግሞ ዝርክርክ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። ሳምንታት ሙሉ ሳጸዳ ከረምኩ። ማብራሪያ ያልተጻፈለት፣ ስሙን ሰምቼው ለማላውቀው ማሽን የገባ መስመር ሁሉ ወጣ። ከወጡት አንዷ ለአንድ ዓይነት አሮጌ ዲስክ “እስኪነሳ ጠብቀው” የምትል አጭር መስመር ነበረች። ምን ያስጠብቃል ብዬ ሰረዝኳት። ቢሯችን ባሉት ሦስት ማሽኖች ሞከርኩት፤ ሠራ። ጓደኞቼን ጠርቼ እንዴት እንዳማረ አሳየኋቸው።

ለጥምቀት አገሬ ስገባ አዲሱን ሲስተም ይዤ ሄድኩ። ደብራችን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ነው ያለችው። እዚያ በስጦታ የተገኘ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። እዚያው ጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ያስመሰከሩት የኔታ፣ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን የዜማ ማብራሪያ ይናገራሉ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ይታይሽ ደግሞ ትጽፋለች። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። “ሳልሞት ይፈጸምልኝ” እያሉ ነበር የሚያስጽፉት።

ጽሑፉ ያለበትን አሮጌ ዲስክ አልነካሁም። ሌላ ትንሽ ዲስክ ጨመርኩና ሲስተሙን እዚያ ላይ ጫንኩት። እኩለ ቀን ነበር፤ ሁሉም ሠራ። ምርቃት ተቀብዬ ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የደብሩ አለቃ ደወሉ። ጠዋት ሲከፈት የየኔታ ጽሑፍ የለም፣ ከሰዓት ሲከፈት አለ አሉኝ። ሳቅሁ። ማሽን ጠዋትና ከሰዓት አይለይም አልኳቸው። ማን ነው የሚነካው ብዬ ስጠይቅ ይታይሽ ብቻ ናት አሉ። እንዲያውም ሥራ ስትጨርስ ጋቢዋን ታለብሰዋለች ብለው ጨመሩልኝ። አሁንማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

“ማሽኑ ምንም የለበትም። ልጅቷ ናት የምታበላሸው፤ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሏት” አልኩ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ለሁሉም ይሰማ ኖሯል። የሰበካው ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ይታይሽም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በየካቲት ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ተመልሼ መጣሁ። ሥራው ቆሟል። ይታይሽ ቁልፉን ከተነጠቀች ወዲህ ሌላ ጸሐፊ አልተገኘም፤ የኔታም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሰው ደግሞ የየኔታን ድካም ያጠፋች እያለ ይጠቋቆምባታል። እናቷ ከሰው ዓይን ሊሰውሯት ገበያ መላኩን ትተዋል አሉኝ።

ጠዋት ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሳ ክፍሉን አስከፈትኩ። የድንጋይ ቤት ነው፤ ትንፋሼ ይታየኛል። ማሽኑን አበራሁት። ሲስተሙ ተነሳ፤ አሮጌው ዲስክ ግን የለም። አጥፍቼ ክዳኑን ፈታሁ፤ ዲስኩን ብነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። መልሼ አብርቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣ ሲስተሙ ተነስቶ ሳለ ዲስኩ ገና መዞር እየጀመረ ነው። ሲስተሙ አልጠበቀውም፤ ትቶት አልፏል። የሰረዝኳት መስመር ትዝ አለችኝ። የጋይንት ልጅ ሆኖ ብርድ ይረሳል? እኔ ረሳሁ። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ተቀምጬ ሞክሬ፣ ሠራ ብዬ አመጣሁት።

ይታይሽን አስጠራኋት። መጣች፤ ከደጃፉ አላለፈችም። ጋቢውን ለምን ታለብሰው እንደነበር ጠየቅኳት።

“ካልቀዘቀዘ ጽሑፉ ይገኛል፣ ጋሼ” አለችኝ መሬት መሬቱን እያየች። “ለአለቃ ነግሬያቸው ነበር። እሱ ራሱ ስቆበት ሰምተሽ የለ አሉኝ።”

እኔ ከነትምህርቴ ያልደረስኩበትን እሷ በእጇ ዳብሳ ደርሳበታለች።

መስመሯን ላፕቶፔ ላይ መልሼ አስገባኋትና ሲስተሙን ማሽኑ ላይ እንደገና ጫንኩት። በማግስቱ ጠዋት በዚያው ውርጭ ተከፈተ፤ ጽሑፉ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። ሰዉ እጅህ ይባረክ አለኝ። አለቃ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ተስተካክላለች አልኳቸው። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ይታይሽ ከሰዉ ኋላ ቆማ ታየኛለች። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ምርቃቱ ጣፍጦኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለየኔታ ብቻ፣ ሰው ሲበተን፣ የሆነውን ነገርኳቸው።

“እኛ መጽሐፍ ስንገለብጥ ያልገባንን ቃል አንፍቅም፣ ልጄ። የሚያውቅ እንጠይቃለን” አሉኝ። “መስመሯንስ መለስካት። የልጅቱን ስም ማን ይመልስላታል?”

እኔ እመልሳለሁ አልኳቸው። በነጋታው ጠዋት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ።

በኋላ እንደሰማሁት ቁልፉን ሊመልሱላት ጠርተዋት ነበር፤ ይቅር ብለንሻል ብለው። ላላጠፋችው ጥፋት! አልወስድም አለች። ወገዳ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ አሁን እዚያው የኮምፒውተር ጽሕፈት ትሠራለች ይባላል። የየኔታ ጽሑፍ እሷ ካደረሰችበት አንድ ገጽ አላለፈም። የኔታም ዐርፈዋል።

ባሕር ዳር ስመለስ ከመስመሯ በላይ ማብራሪያ ጽፌ ነበር፦ “ይህ አይሰረዝ። በብርድ አገር አሮጌው ዲስክ ዘግይቶ ይነሳል። ያወቀችው ይታይሽ ናት።” ያን ሰሞን ዕዳዬን የከፈልኩ መስሎኝ ቀለል ብሎኝ ነበር። የከርነል ኮድ ግን ስንት ሰው ያነባል? ስሟን ያጠፋሁት ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ የመለስኩት ማንም በማያየው ቦታ።

ይህ ጽሑፍ ንፋስ መውጫም ወገዳም ይደርስ ይሆናል። የደብራችን ሰዎች፣ ዓመታት ዘግይቼ ልንገራችሁ፤ ይታይሽ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።