መስኮቱን ማን ይከፍተዋል?

የመጀመሪያ ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን አንድ የቢሮ ሕንፃ እንድንነድፍ አዘዙን። ቦታው አዲስ አበባ፣ ከፍታው አራት ፎቅ ነው። ዋናው መመዘኛ ሕንፃው ሲገነባም ሆነ ሰው ሲሠራበት የካርቦን ልቀቱ ትንሽ እንዲሆን ነበር። ሲሚንቶና መስታወት መቆጠብ አለበት። በቀን መብራት ማብራት፣ ሲሞቅ ማቀዝቀዣ ማስነሣት፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ማስጮህ አይፈቀድም። እኔ የታዘዝኩትን አጥብቄ የምይዝ ስለነበርኩ ሌሎቹ ወረቀት ሳይወጥሩ የመጀመሪያውን ንድፍ ጨረስኩ። በየፎቁ ግራና ቀኝ ትይዩ መስኮቶች ደረደርኩ። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ እንዲታይ በሰማያዊ እርሳስ ቀስቶች ሣልኩ። ቀስቶቹ በጣም ያምሩ ነበር።

መምህሩ ንድፉን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከዚያ አንዱን መስኮት በእርሳሳቸው ጫፍ ነክተው፣ «ይኼን ማን ነው የሚከፍተው?» አሉኝ።

«ሠራተኞቹ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፤ ሲሞቃቸው ይከፍቱታል።»

ከኋላዬ የክፍሌ ልጆች ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። «ከእረፍት ስትመለሺ የሚከፍተውን ሰው አግኝተሽ ነይ» አሉና ወረቀቴን መለሱልኝ። ውጤቱን የሚሞሉት ከእረፍት መልስ ነበር። በዚህ ሥራ የወደቀ ተማሪ ከትምህርት ክፍሉ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይዛወራል። እኔ ደግሞ ቢቸና ሰፈርተኛው ሁሉ «ፎቅ ልትሠራልን ነው» እያለ መርቆ የሸኘኝ ልጅ ነኝ። ተዛወርኩ ብዬ በየትኛው ፊቴ እመለሳለሁ?

አባቴ ቢቸና ሚስማር፣ ማጠፊያና ቆርቆሮ ይሸጣል። እረፍት በገባሁ ማግስት ከሱቁ ጥግ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ተቀመጥኩ ግን ማለት አልችልም። እነሣለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ የሱቁን መስኮት አይቼ እመለሳለሁ፣ ያሰመርኩትን አጠፋለሁ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያቁነጠንጥሽ?» አለኝ አባቴ።

«ጭስ የማያበዛ ቢሮ ንደፉ ተብለን ነው።»

«ቢሮ ደግሞ መቼ ጨሶ ያውቃል?»

ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ሳቀ። ሲሚንቶ ሲመረት ስለሚወጣው ጭስ፣ መስታወቱ ባሕር አቋርጦ እስኪመጣ ስለሚነደው ነዳጅ፣ ስለ ጀነሬተሩ አስረዳሁ። አባቴ ሚስማር እየመዘነ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ይኼንስ ገባኝ። ታዲያ የጠፋብሽ ምኑ ነው?»

«መስኮቱን ማን እንደሚከፍተው።»

ሚዛኑን አስቀመጠ። «ለዚህ ነው ያን ያህል አገር አቋርጠሽ የሄድሽ?» አለና ገዢውን ከሸኘ በኋላ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ «በይ ሞጣ ሂጂ። አክስትሽ ስልክ ባነሣሁ ቁጥር ‹ቢሮዬ ፎቅ ሆነ› ትለኛለች። እዚያ ተቀመጪና ማን እንደሚከፍት እዪ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ሞጣ ገባሁ።

የአክስቴ መሥሪያ ቤት የተከራየው ሕንፃ ፊቱ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት ነው፤ ከመናኸሪያው ጀምሮ ይታያል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ያየውን ፎቅ አስመስሎ እንዳሠራው ነገሩኝ። መስታወቱ የሚያየው ወደ ምዕራብ ነበር። አክስቴ ጸሐፊ ናት፤ ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስገባ እንደ ጎተራ ጨለመብኝ። የከሰዓት ፀሐይ ዓይን እየወጋ ስላስቸገራቸው መስታወቱ ላይ ካርቶን ለጥፈውበታል። ካርቶኑ ስላጨለመው ደግሞ መብራቱ ከጠዋት ጀምሮ ይበራል። መስታወት፣ ካርቶን፣ መብራት። ለመምህሬ የምነግረው ነገር ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

ከሰዓት ላይ ሙቀቱ በረታ። የሁሉም ግንባር ወዝቷል፤ መስኮት ግን አንድም አልተከፈተም። ጥጉ ላይ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ጡረታ የተቃረቡ የማኅደር ሠራተኛ ተቀምጠዋል። ከኮታቸው በላይ ነጠላ ደርበው፣ ጫፉን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ በመሐረብ ላባቸውን ይጠርጋሉ። አላስቻለኝም። ተነሥቼ አንዱን መስኮት ከፈትኩ፤ የመተላለፊያውንም በር አንድ ላይ ከፈትኩት።

ወረቀት ተነሣ። ጋሼም አብረው ተነሡ።

«ኧረ! ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሞቆን ነው እኮ።»

«ይሙቀና! ሙቀት ማንን ገድሎ ያውቃል? ነፋስ ግን በዚህ ገብቶ በዚያ ሲወጣ መሃል ያገኘውን ቆርጦ ነው የሚሄድ።»

በእጃቸው ያሳዩት መንገድ እኔ በሰማያዊ እርሳስ የሣልኩት ነበር።

«ጋሼ፣ አየር ሲዘዋወር ለጤና ጥሩ ነው።»

«ላንቺ ይሆናል። አጥንትሽ ገና ነው፤ የሚመታው አላገኘም።»

«ትምህርቷ ሆኖባት ነው ጋሼ፣ ይታገሷት» አለች አክስቴ እየሳቀች። መስኮቱን ተነሥታ የዘጋችው ግን እሷው ነበረች።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ጋሼ ለሥራ ወጣ ሲሉ አክስቴን ለምኜ ከኋላዋ ያለውን መስኮት በጣት የሚያህል ከፈትኩ። ልታሳፍረኝ ስላልፈለገች እሺ አለችኝ፤ እስከ ማታ እንደዚያው ዋለ። በማግስቱ ጠዋት አንገቷ አልዞር አለ። ሰው ሲጠራት መላ ሰውነቷን እያዞረች ነበር የምታየው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቢሮ ገብቷል። «የወንድሟ ልጅ ናት አሉ በነፋስ ያስመታቻት» ሲባባሉ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ጋሼ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ዳማከሴ በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው ነበር። ለአክስቴ ሰጧትና ወደ እኔ ዞረው፣ «እሸችላት እንግዲህ፣ ዶክተር» አሉኝ።

የዚያን ቀን አንድ ቦታ መቆም አቃተኝ። ደረጃውን እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። የሚከፍተውን ሰው ፈልጊ ተብዬ የሚዘጉትን ብቻ አገኘሁ። መምህሬ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ሠራተኛው ምሳውን የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ምሳ ዕቃውን እየያዘ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከሕንፃው ጀርባ የድሮው ቢሮ አለ፤ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት። አሁን የአሮጌ ማኅደሮች ማስቀመጫ ሆኗል። ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው እዚያ ለምን እንደሚበሉ አክስቴን ጠየቅኳት።

«እኔ እንጃ። እዚያ ጨዋታ ይደምቃል፤ ሽሮውም ይጣፍጣል።»

ስገባ ፊቴ ቀዘቀዘ። ማንም መብራት አላበራም፤ ያም ሆኖ የምንበላው በደንብ ይታያል። ቀና ብዬ አየሁ። ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መሃል ከዳር እስከ ዳር ክፍት ቦታ ተትቶ በቀጫጭን እንጨት ተረብርቧል። ድንቢጦች ይመላለሱበታል። ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ ከማኅደሩ መደርደሪያ አናት ላይ ያዝኩት። ክሩ ቀስ ብሎ ተኛ፤ ቀና አለ፤ ደግሞ ተኛ። ነፋስ ነበረ፤ ከሰው ራስ በላይ በላዩን ሲሄድ ማንንም አልነካም። ከክፍተቱ ሥር ጋሼ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ጥለውት፣ አፋቸውን ሞልተው እየሳቁ ይጫወታሉ።

አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ጋሼ! እዚህም እኮ ነፋስ አለ!»

ጨዋታው ቆመ።

«የት?»

«በላይዎ። በዚህ ይገባል፣ በወዲያኛው ይወጣል። ይኸው ይዩት!» ክሩን አሳየኋቸው።

ሁሉም አንጋጠጠ። ጋሼ የጎረሱትን እንደምንም ዋጡ። ነጠላቸውን አነሥተው አንገታቸው ላይ ጠመጠሙና ወንበራቸውን ወደ መሃል ጎተቱ። «እኔ እኮ ትከሻዬን ምን ይወጋኛል እያልኩ ነው የከረምኩ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ከወገቧ ዞራ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የተማርሽውን አንዳንዴ ብትውጪው ምን አለበት?»

ማታ እሷ ቤት ንድፌን እንደገና ጀመርኩ። ምዕራቡን ወገን በድንጋይ ደፈንኩት፤ ሌላውን ግድግዳ ከአፈር ጡብ አደረግኩት። ከእያንዳንዱ ጣሪያ ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቀጭን መስመር አስገባሁ። አክስቴ ዳማከሴ የሸተተ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በላዬ አጎነበሰች።

«እኔ የት ነኝ?»

«የት?»

«ይኼ ቢሮ አይደል? ሰው የለበትም እንዴ?»

እውነቷን ነበር። ነፋሱን ስስል ሰው አልሣልኩም። ጠረጴዛዎች ማስገባት ስጀምር ከጎኔ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር። «በር አጠገብ አልቀመጥም። ጋሼን ጥግ አድርጊያቸው፣ ወገባቸው ነው። ለወረቀቱ ደግሞ ከመስኮት ራቅ ያለ ቦታ።» ያለችኝን ሁሉ አደረግኩ።

ቢቸና ደርሼ ወላጆቼን ተሰናብቼ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። ንድፉን ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ አውቶቡሱ እንደ ምድጃ ጋለ። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት መስኮቱን ገፋ አደረገው። ነፋሱ አንገቴ ሥር ገባ።

«ወንድሜ፣ ዝጋው እባክህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር።

«በረሃ እኮ ነው እህቴ! ልንቀቀል ነው።»

«ይሁን። ነፋሱ አንገቴን…»

ሳልጨርስ ዘጋው። ከኋላ አንዲት እናት «ተባረኪ ልጄ» አሉኝ። እስከ ድልድዩ ድረስ ላቤን እየጠረግኩ፣ ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል እያየሁ ወረድኩ።

ለመምህሩ ከማቅረቤ በፊት ባለው ቀን አክስቴ ደወለች። አንገቷ ተሽሏታል። የአሮጌው ቤት ነገር ግን አላማረም።

«ጋሼ ቀዳዳውን በካርቶን አስደፈኑት።»

«እንዴት ደርሰው?»

«ዘበኛው ነው በመሰላል የወጣ። አሁን ቤቱ ይታፈናል። የሚበላበት ሰው የለም፤ ሁሉም በየጠረጴዛው ሆኗል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ክፍሉን ዞርኩ፤ ግቢውን ዞርኩ። ስንት ዘመን ማንም ሳያስተውለው ሲያገለግል የኖረ ክፍተት በእኔ አንድ ቃል ተደፈነ። አዲስ አበባ የሚሠራው ሕንፃስ አንድ ቀልጣፋ ልጅ መጥቶ «ነፋስ አለ» ቢላቸው ምን ይሆናል? ተመልሼ ላጲስ አነሣሁ። ሰማያዊ ቀስቶቹን ሁሉ አጠፋሁ። ከክፍተቱ ፊት የጣሪያ ጌጥ የሚመስል የእንጨት ርብራብ ሣልኩና ሸፈንኩት።

መምህሩ በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«ማንም አይከፍተውም። ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

«ክረምት ላይ ሲበርድስ ማን ይዘጋዋል?»

«መዝጊያ አለው፤ በገመድ ነው። ለመዝጋትማ ሁሉም ይነሣል።»

በዚህ ጊዜ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ርብራቡን በእርሳሳቸው ተከትለው ሄዱ። «ለምን ሸፈንሽው?» የጋሼን ነገር ነገርኳቸው፤ ካርቶኑንም ጭምር።

«ሰውየው ‹ቢሮው ነፋስ አለው ወይ?› ብለው ቢጠይቁሽስ ምን ልትያቸው ነው?»

ርብራቡን በጣቴ መነካካት ጀመርኩ። «አልፈሻል። ይኼን ግን አስቢበት» አሉኝና ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄዱ።

መተላለፊያው ላይ ቆሜ አክስቴ ጋ ደወልኩ። «አለፍኩ» ስላት እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ወጣ። ከኋላዋ ሰው ሲጠይቃት ሰማሁ።

«ጋሼ ናቸው። ‹እኔን የት አስቀመጠችኝ?› ይላሉ።»

«ጥግ ላይ በያቸው። ወገባቸውን እንዳይነካቸው።»

ስልኩ እጅ ለወጠ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዶክተር» አሉኝ ጋሼ። «ጥግ መሆኑስ መልካም። ነፋስ የለበትም አይደል?»

መምህሩ ገና ከክፍሉ በር አልራቁም፤ ጥያቄያቸውም ጆሮዬ ላይ ነበር። ጋሼን የለበትም ብላቸው ደስ ብሏቸው ስልኩን ይዘጉት ነበር።

«አለበት ጋሼ» አልኩ። «ግን በላይዎ ነው የሚያልፈው። እርስዎን አይነካም።»

ካርቶን ሲያስቡ ታየኝ።

«ከራሴ በላይ ስንት ክንድ ይሆናል?»

«ተቀምጠው ነው ቆመው?»

«ተቀምጬም፣ ቆሜም!»

ይህን አልለካሁም። «ስልኩን አይዝጉት ጋሼ» አልኳቸውና ንድፉን ሲሚንቶው ወለል ላይ ዘረጋሁት። ጫፎቹ እየተጠቀለሉ ሲያስቸግሩኝ በጉልበቴ ያዝኳቸው። ማስመሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ የጋሼን ወንበር ፈለግኩ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ ከራሳቸው እስከ ክፍተቱ መለካት ጀመርኩ።