ዳግም አረቄና አምስት ሊትር ቤንዚን

ቤንዚን በኩፖን በነበረበት ጊዜ ጉለሌ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ከእግረኛው የበለጠ ይጨነቅ ነበር። እኔ ከአጎቴ የወረስኳት ነጭ ሴይቼንቶ ነበረችኝ። የወሩ ኩፖኔ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ በቀረው ጊዜ መኪናዋን አጥቤ ደጅ አቆማታለሁ፣ ሰው እንዲያያት ብቻ።

አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ቤንዚን ላይ አረቄ እየቀላቀለ እንደሚነዳ አጫወተኝ። «ሞተር እንደኛው ነው፣ ከሰጠኸው ይጠጣል» ሲለኝ ሳቅሁበት። በማግስቱ ግን እዚያው ሰፈራችን ቀጨኔ፣ አረቄ የሚያወጡት ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነበር የሚላቸው። ሁለት ጊዜ የወጣውን ዳግም አረቄ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ጠብ አደረጉና ክብሪት ጫሩበት። ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ።

«አየህ? ውሃ ቢኖረው ይነድ ነበር?» አሉኝ ኮራ ብለው።

እኔም፣ ሹፌሩም፣ ሰፈሩም በሙሉ የምናምነው ይህንኑ ነበር። ለአራት እጅ ቤንዚን አንድ እጅ አረቄ ቀላቅዬ ፒያሳ ደርሼ መጣሁ ማለት ይቻላል፤ ስሄድ መኪናዋ ፉት አለችው፣ ስመለስ ትንሽ አሳላት። መንገዱ ስሄድ ቁልቁለት፣ ስመለስ ዳገት መሆኑን ልብ አላልኩም። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ልብ አልልም ነበር።

ከአልጋዬ ሥር ደግሞ ያልተቀላቀለ አምስት ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ነበረኝ። ለእሁድ ነው ያስቀመጥኩት። ጓደኛዬ ሊያገባ ነው፤ ሙሽሮቹን የምወስደው እኔ ነኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት መኪናዬ እንድትስልብኝ አልፈለግሁም።

ሐሙስ ጠዋት እማማ እያለከለኩ መጡ። በእጃቸው የበሶ ከረጢትና አዲስ ሹራብ ይዘዋል። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ከሸጎሌ ወዲያ ባለ ግቢ ውስጥ ከርሟል፤ ዛሬ ወደ ጦር ሜዳ ሊጭኗቸው መሆኑን የሚያውቁት ሰው ነግሯቸዋል።

«መርቄው ልመለስ፣ ልጄ። እግሬን ባምነው አላስቸግርህም ነበር።»

«ምን ችግር አለው እማማ፣ ይግቡ» ብዬ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ቤንዚን ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር ያለውን ጀሪካን ያዝኩት። ያዝኩት እንጂ አላነሣሁትም። ሸጎሌ ሩቅ አይደለም አልኩ። ለጎረቤት መላላኪያ አረቄውም ይበቃል አልኩ። አዎ፣ መላላኪያ ነው ያልኩት በልቤ። ከግድግዳው ጥግ የአረቄውን ቅልቅል አንሥቼ ወጣሁ።

የሸጎሌን ዳገት ስንጀምር መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡሬተሩን ፈታሁት፤ ውስጡ ውሃ ተኝቷል። ለካስ አረቄ ቢነድም ግማሽ ያህሉ ውሃ ኖሯል፤ ቤንዚኑ ውሃውን አልቀበልም ብሎ ታንከር ሥር አውርዶታል። ደሜ ፈላ።

«አረቄዎ ውሃ አለበት!» ብዬ ጮህኩባቸው። በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ።

«ውሃ? የኔ አረቄ?» ከማለታቸው ካሚዮኖቹ ከላይ መጡ። ሦስት ነበሩ፣ ልጆች ጢም ብለው የተሞሉባቸው። እማማ የልጃቸውን ስም እየጠሩ አስፋልቱ ዳር ሮጡ። ልጆቹ እየዘፈኑ ነበር፤ ማንም አልሰማቸውም። የትኛው ላይ እንዳለ እንኳ አላወቁም። ሹራቡን ይዘው ቆመው ቀሩ።

እሁድ፣ ታንከሯን አጥቤ በጀሪካኑ ቤንዚን ሙሽሮቹን ወሰድኩ። መኪናዋ አንዴም አላሳላትም።

ከሳምንት በኋላ እማማ አስጠሩኝ። ሲኒ ማስቀመጫው ላይ አረቄ አፍስሰው ለኮሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ነበልባሉ እስኪጠፋ ጠበቁ። እሳቱ ሲያልቅ ሥሩ ላይ ውሃ ቀርቶ ነበር።

«እውነትህን ነው። ይኸው» አሉ። «ልጄን ሳልመርቀው ያስቀረሁት እኔው ነኝ።»

ጀሪካኑን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። አፈርኩ፤ ፈራሁም፤ «ደህና ይዋሉ» ብዬ ወጣሁ። እማማ ከዚያ ወዲህ አረቄ አላወጡም። ልጃቸውም አልተመለሰም።

እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያቆሙኝ ነበር። «የዚያን ቀን መኪናህንም አበላሸሁብህ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» ይሉኛል።

እኔም፣ «ግድ የለም እማማ፣ ይቅር ብያለሁ» እላቸው ነበር።