ጋሽ ማመልከቻ የገደላቸው አባቶች

ጋሽ ማመልከቻ ይሉታል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈች ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሆነው። የእጅ ጽሑፉን ያየ ሁሉ ይወድለታል። ዋናው ችሎታው ግን ሌላ ነው፤ አባት መግደል ያውቅበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው በየዓመቱ ሰባት ተማሪ መርጦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ደግ ድርጅት ነው፣ እግዜር ይስጠው፤ ብቻ ማልቀስ ይወዳል። ማርክ ብቻ ይዞ የሄደ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ጋሽ ማመልከቻ ይህ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ነው የገባው። ስለዚህ አባት ልጁን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «በምን ልግደልህ?» ብሎ ነው።

አባቶቹም ቢሆኑ ሞት ያማርጣሉ። አናጢው፣ «በጉበት አይሁን፣ ጠጪ ነበር ይሉኛል» አለ። ሹፌሩ በመኪና አደጋ መሞትን ጭራሽ እምቢ አለ፤ «ሙያዬን ልታሰድብብኝ ነው?» ብሎ። በስንት ልመና በልብ ሕመም ተስማማ። ለሞት ማስረጃ ሦስት ምስክር ስለሚያስፈልግ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። ለሹፌሩ ሞት ምለው ከፈረሙት አንዱ ራሱ አምና የሞተ ነበር። ማን ልብ ብሎ።

ዘንድሮ ተራው የገዛ ልጁ ሆነ። ከክፍሏ አንደኛ ናት። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል፤ የሁለቱ ልፋት ተደምሮም ዩኒቨርሲቲ አያስገባም። ይህ ዕድል ካመለጣት ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው። ጋሽ ማመልከቻ ወረቀት ዘረጋ፣ «አባቴ» ብሎ ጻፈና እጁ ቆመ። በሰው አባት ጊዜ እንደ ውሃ የሚፈስለት ብዕር በራሱ ጊዜ ለገመ።

«ተወው አባዬ» አለች ልጁ። «አንተ አለህ እኮ። እውነቱን እጽፋለሁ።»

ደስ አለው፣ ለምን ይዋሻል።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራች ቀን በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፋይሏን ገለጡ።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«አዎ።»

«ጤንነታቸውስ?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን።»

«ታድለሽ» አሉና ፋይሉን ዘጉት።

የተመረጡት ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሰባቱንም ያውቃቸዋል፤ የሰባቱንም ማመልከቻ የጻፈው እሱ ነው። ልጁ የለችበትም። ያን ሳምንት ሟቾቹ ተራ በተራ ጠረጴዛው ድረስ እየመጡ አቅፈው አመሰገኑት። ሹፌሩማ ጭራሽ፣ «ያንተዋስ እንዴት ሆነች?» አለው። ሊቆጣቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን በምን አፉ?

በወሩ ድርጅቱ አንድ ተጨማሪ ቦታ አወጣ። ልጁ መጥታ ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዓይኑን አላየችውም።

«አባዬ» አለች፣ «ሙትልኝ።»

ብዕሩን ከፈተና፣ «የሞቴን ቀን ከቃለ መጠይቁ በኋላ እናድርገው፣ በሕይወት አለ ብለሻቸዋል» አለ። በሽታውን ልብ አደረገው። ሐዘኑን፣ የእናቷን ልፋት፣ ሁሉንም በየቦታው አስገባ። ሟቹ ምን ዓይነት አባት እንደነበረ የምትገልጸው መስመር ላይ ሲደርስ ግን አቃተው። ለሌሎቹ «ለልጁ ሁሉ ነገሩ የነበረ» እያለ ነበር የሚያልፋት። አሁን አልጻፍ አለው።

ልጁ ብዕሩን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ጻፈችው፦ «አባቴ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ፣ የእኔ ተራ ሳይደርስ ሞተ።»

ጋሽ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አነበበው። የሚታረም ነገር አላገኘበትም።